አኻያው ከመስኮቱ ሥር

ጥቅምት 9

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ምራታችንስ እንዴት ናት? እኛ ደህና ነን፤ እማዬም፣ እኔም፣ የስፌት መኪናዬም። ባለፈው በስልክ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት አምሮት ነው?» ስትለኝ ዝም ያልኩህ መልስ ጠፍቶኝ አይደለም። ስልኩ ያለው እማዬ ራስጌ ነው፤ የተነፈስኩትን ሁሉ ትሰማለች። ከእንግዲህ አንተ በስልክ ጠይቀኝ፣ እኔ በደብዳቤ እመልስልሃለሁ። «እሺ፣ እሺ» ብዬ ወሬ ከቀየርኩ ጥያቄህ ደርሶኛል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ዛፍ አምሯታል። ሎሚ ልትከልልሽ ብላት «ሎሚ ከገበያ ይገዛል» አለች። ጽድ ብላት «የመቃብር ዘበኛ አልፈልግም» አለች። የምትፈልገው ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ የነበረውን፣ ቅርንጫፉ መሬት ድረስ የሚወርደውን ዛፍ ነው። ታስታውሰው እንደሆን፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እሷ አንሶላ ተኩሳ እስክትጨርስ እሥሩ ተቀምጠን እንጠብቃት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ እሱን በመስኮት እያየች የሰው አንሶላ ተኮሰች፤ አሁን ከገዛ መስኮቷ ልታየው ፈለገች።

ስሙን ስለማታውቅ «አልቃሻው ዛፍ» ነው የምትለው። «ያ ደረቅ ልጄ ሕፃን ሆኖ እንኳ አልቅሶ አያውቅም፤ ስሞት የሚያለቅስልኝ እንዳላጣ ዛፍ ይላክልኝ» ብላለች። ቃል በቃል ጻፊለት ስላለችኝ ነው፤ ቀልዷን ታውቀዋለህ። የትኛውን እንደምንተክልና የት እንደምንተክለው ጻፍልኝ። ስለ እሷ ለጠየቅኸኝ፣ ድክም ይላታል እንጂ ደህና ናት።

እህትህ

ጥቅምት 27

ይድረስ ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ዛፉ አኻያ ይባላል። ወደ ታች የሚወርደውን ዓይነት እኛም ችግኝ ጣቢያ ውስጥ አልቃሻ አኻያ እንለዋለን፤ እማዬ ሳታውቀው በስሙ ጠርታዋለች።

ጠባዩን ግን ሳልደብቅ ልንገርሽ። ውኃ ይጠጣል፤ ሲጠጣም የእኔ የሰው አይልም። ያ የሆስፒታሉ ዛፍ እንደዚያ የገዘፈው የእማዬን የእጥበት ፍሳሽ እየጠጣ ነው። ሥሩ እርጥበት ወዳለበት ይሄዳል፤ የቧንቧ መጋጠሚያ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ካገኘ ይገባና ውስጡን ይሞላዋል። ቅርንጫፉ በነፋስ ይሰበራል፣ ቅጠሉ ሲረግፍ መጥረጊያሽን ይጨርሰዋል፣ ዕድሜውም እንደ ግዝፈቱ አይረዝምም። ወንዝ ዳር ወይም ሰፊ ሜዳ ላይ ከሆነ የሚያክለው የለም። የእኛ ግቢ ግን መዳፍ ታክላለች። ከቤቱ፣ ከቧንቧውና ከፍሳሽ ጉድጓዱ አርቀን እንትከለው ካልን የምንተክለው ጎረቤት ግቢ ነው።

ስለዚህ ሌላ ላማርጥሽ። በሌላ ግንድ ላይ ተከትቦ፣ ማለትም ተቀጥሎ፣ የሚያድግ ትንሽ አኻያ አለ። ቁመቱ ከሰው አይበልጥም፣ ቅርንጫፉ እንደ ጃንጥላ ዙሪያውን ይወርዳል፣ ሥሩም ሰው አያስቸግርም። ለግቢያችን የሚሆነው እሱ ነው። እማዬን አግባቢልኝ።

ስለ ሚስቴ ለጠየቅሽኝ፣ ሐኪሙ ተኝተሽ ክረሚ ብሏታል። እንደ ፊተኞቹ ሁለቱ እንዳይሆንብን ፈርተን ቤት ውስጥ እንኳ ቀስ ብዬ ነው የምረግጠው። ለእማዬ ግን «ትበላለች፣ ወፍራለች» ብቻ በያት። እግዜር ካለ ሚያዝያ ላይ አያት ትሆናለች።

ወንድምሽ

ኅዳር 14

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። «እሺ አለች ወይ?» ላልከኝ፣ እማዬ ተከተበ የተባለውን ዛፍ አልተቀበለችውም። «ጃንጥላ አለኝ» አለች። ደግሞ እውነቷን ነው። ከአልጋዋ ሆና የምታየው ከመስኮቱ ደፍ በላይ ያለውን ነው። ከሰው የማይበልጥ ዛፍ፣ እኛ ቤት ከፍ ብሎ ስለተሠራ፣ ጫፉ እንኳ አይታያትም። «እሱ ቆሞ ለሚሄድ ሰው የተፈጠረ ዛፍ ነው» አለችኝ።

ስለዚህ ትልቁን ላክልን። የምንተክለው ከመኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ነው። አዎ፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ የሚያልፈው እዚያ ጋ እንደሆነ አውቃለሁ። ጎረቤታችን ቧንቧ ሠራተኛውም ሰምቶ «ትከሉት፣ ትከሉት፣ ለጡረታዬ ይደርስልኛል» ብሎ ሲስቅብኝ ነበር።

ሁለት ነገር ብቻ ንገረኝ። ሥሩ ቧንቧው ጋ እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል? ቶሎ ከመስኮቱ ደፍ በላይ እንዲወጣስ ምን ላድርግለት?

እህትህ

ኅዳር 29

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሰው ዛፍ ሊወስድ ሲመጣ ስንት ዓመት ይኖራል ብሎ ይጠይቀኛል። ጥፋቱ እስኪመጣ ስንት ዓመት አለኝ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን ከአንቺ በፊት የለም። ደብዳቤሽን ይዤ ችግኞቹ መሃል ቆሜ ቀረሁ። እማዬ ታማለች? ታማ ከሆነ አትሸፋፍኚብኝ። ሚስቴን ለእናቷ አደራ ሰጥቼ በማግሥቱ እመጣለሁ።

ለጥያቄሽ መልሱ ይኸው፤ አራት ወይም አምስት ዓመት ይፈጅበታል። ውኃ ካልነፈግሽው ግን በመጀመሪያው ዓመት ቁመትሽን ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ሳምንት ችግኝ ጭኖ በእናንተ በኩል በሚያልፈው ሾፌር እጅ ሁለት እንጨት ልኬልሻለሁ። አውራ ጣት ያክላሉ፤ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልለዋል። ደረቅ ማገዶ መስለው ቢታዩሽ እንዳትጥያቸው፤ አኻያ ከእንጨቱ ነው የሚበቅለው። አብዛኛውን አካሉን ቅበሪው፣ ጥቂቱን ብቻ አስቀሪው። አፈሩ እንዳይደርቅ። ቀንበጥ ሲያወጣ ደጋፊ እንጨት አቁሚለትና በለስላሳ ነገር እሰሪው። በሽቦ እንዳታስሪው፤ ሲወፍር ያንቀዋል። በየዓመቱም ማሰሪያውን አላሊው።

ስለ እማዬ የጠየቅሁሽን እንዳታልፊው።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 8
(ያልተላከ)

ወንድሜ፣

እማዬ ታማለች። ጉበቷ ነው አሉ። ሐኪሙ እኔን ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ፣ መነጽሩን እየጠረገ፣ ክረምቱን የምትሻገር አይመስለኝም አለኝ። ወደ ክፍሉ ስመለስ ፊቴን አይታ «ነገረሽ አይደል?» አለች። ከዚያ አስማለችኝ። «ልጁ እስኪወለድ ለወንድምሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ከሰማ ሚስቱን ጥሎ ይመጣል። ያቺ ልጅ ደንግጣ ሦስተኛውን ብታጣው በእኔ ሰበብ ነው። ከተወለደ በኋላ ይምጣ፤ አቅፎልኝ ይምጣ» አለች። በአባታችን አጥንት በአፌ ማልኩላት።

ይህን የጻፍኩት ካልጻፍኩት ስለማያስተኛኝ ነው። ሚያዝያ ሩቅ አይደለም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ደብዳቤውን የደንበኛ ልብስ መሃል ደብቄዋለሁ።

ታኅሣሥ 10

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማዬ ደህና ናት፤ ጉንፋን ቢጤ ይዟት አልጋ ላይ ቆይታ ነው። አትሥጋ። አንተ ሚስትህን ጠብቅ።

እንጨቶቹ ደርሰዋል። ሾፌሩ «ይሄን ማገዶ ከዚያ ድረስ አስጭኖኝ» ብሎ አጉረመረመ። ሁለቱንም ተክያቸዋለሁ። የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደሚሆን አልጻፍክልኝም ነበርና በሙያዬ አሰብኩት። ከፋይ ጨርቅ የሚቆረጠው ጠጉሩ የሚተኛበትን አቅጣጫ ተከትሎ ነው። ዛፉ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ እነዚያ ቀንበጥ የሚወጣባቸው ትንንሽ ዓይኖቹም ወደ ታች ማየት አለባቸው አልኩና እንደዚያው አድርጌ ቀበርኳቸው። አንተ እንደ እርሳስ አሹለህ የቆረጥከው ጫፍ ወደ ላይ ሆኗል። እማዬም ለአንድ አፍታ ከአልጋ ተነስታ በመስኮት አይታ ትክክል ነው ብላለች። ለትንሹ እንግዳ ነጭ የክር ሻል ጀምራለች፤ እጇ ቢዝልም አልተወችውም።

እህትህ

ጥር 6

ይድረስ ለእትዬ፣

ዘቅዝቀሽ ነው የተከልሻቸው። የሾለው ጫፍ ወደ መሬት የሚገባው ነው፤ ዓይኖቹ ወደ ሰማይ ያያሉ። ወደ ታች የሚወርደው ካደገ በኋላ ነው እንጂ እሱም መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። አውጪያቸውና ገልብጠሽ ትከያቸው። አኻያ ግትር ነው፤ ቢያንስ አንዱ ይጸድቃል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ከፋዩን እያነሳሁ ዓመት ሙሉ እስቅብሽ ነበር።

በስልክ ስትጠይቂኝ ድምፄ የተዘጋው በመስመሩ አልነበረም። ልጁ የለም፣ እትዬ። ታኅሣሥ ሳያልቅ ሄደብን። ወንድ ነበር። ሚስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትውላለች፤ አስቤዛ ልገዛ ስወጣ እንኳ በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። እሷን ትቼ የትም መሄድ አልችልም። እማዬ ደህና ናት ስላልሽኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን የሁለት ሰው ጭንቀት አልችልም ነበር።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እማዬ እንዳትሰማ። ሚያዝያን እየቆጠረች ነው፣ ትቁጠር። አጠገቧ ተቀምጬ እኔው እስክነግራት ድረስ ቃልሽን ስጪኝ።

ወንድምሽ

ጥር 22

ወንድሜ፣ ወንድምዓለም፣

ምን ብዬ ላጽናናህ። ደብዳቤህን ስፌት መኪናው ላይ ተደፍቼ አነበብኩት፤ እማዬ ድምፄን እንዳትሰማ መኪናውን እያሽከረከርኩ አለቀስኩ። ጨርቅ የሌለበት መርፌ ሲወጣና ሲገባ ነበር። ሚስትህን ሳምልኝ። አንተም ምግብ ቅመስ።

ቃሌን ሰጥቼሃለሁ። እንጨቶቹን ገልብጫቸዋለሁ። አንዱ በስብሶ ነበር፤ አንዱ ግን በተዘቀዘቀበት ሆኖ እንኳ ሥር ጀምሮ አገኘሁት። እማዬን ለጠየቅኸኝ፣ ያው ናት።

እህትህ

መጋቢት 2

ወንድሜ፣

እዚህ ፖስታ ውስጥ አንድ የታኅሣሥ ደብዳቤ አለ። መጀመሪያ እሱን አንብብ።

አሁን አወቅህ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ጊዜ የለንም። እማዬ ያስማለችኝ ልጁ እስኪወለድ ነው። ልጁ አይወለድም። አንተ ደግሞ አትንገሪያት አልከኝ። ስለዚህ እሷ ሚያዝያ ትጠብቃለች፣ አንተ ሚስትህ እስክትጠነክር ትጠብቃለህ፣ እኔ መሃል ቆሜያለሁ። አንሶላ እንደሚያጥፉ ሰዎች ሁለት ጫፌን ይዛችሁ ትስቡኛላችሁ። ስንት ጊዜ ይህን ደብዳቤ አውጥቼ መለስኩት። ዛሬ ውኃ ለመጠጣት ራሷን ቀና ማድረግ አቃታት፤ እኔም መሐላውን መረመርኩት። የማልኩት በአፌ ነው። እጄ አልማለም።

ና። ሚስትህን ይዘህ መምጣት ከቻልክ ይዘሃት ና፣ ካልቻልክ ብቻህን ና። ዛፉን ለማየት መጣሁ በላት። ዛፉ ቀንበጥ አውጥቷል፤ ገና ከመስኮቱ ደፍ በታች ነው።

እህትህ

ሚያዝያ 20

ይድረስ ለእትዬ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ሚስቴም ትንሽ ቀና ብላለች፤ ሂድና እናትህን እይ ያለችኝ እሷው ናት። እኔ ሳልኖር መስኮቱን ከፍታ ጠበቀችኝ።

መናኸሪያው ላይ «ነገርካት ወይ?» ስትዪኝ አውቶቡስ ውስጥ የገባሁት ሰዓቱ ደርሶ አልነበረም። አልነገርኳትም። መጀመሪያ ቀን ልነግራት ተቀመጥኩ፤ «ልጁስ?» አለችኝ። «ደህና ነው፣ ትንሽ ዘግይቷል» አልኳት። የገዛ ጆሮዬ የሰማውን አላመንኩም። እጄን ይዛ «አይዞህ፣ የዘገየ አይቀርም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ወጥቼ ዛፉን ውኃ ሳጠጣ እውል ነበር። ብዙ ውኃ ያገኘው ለዚያ ነው። በሩ ላይ ሆኜ ስሰናበታትም እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ ነበር። ለእናቴ የነገርኳት የመጨረሻ ነገር ውሸት ነው። ይህን ለሌላ ለማንም ልጽፈው አልችልም።

ወንድምሽ

ሐምሌ 3

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ናችሁ? አሁን ስልኩ ጋ ተቀምጦ የሚሰማን ሰው የለም፤ እንደ ልባችን ማውራት እንችል ነበር። ግን ያ አልጋ አጠገብ መቀመጥ አልሆነልኝም። እንደለመድነው በደብዳቤ ይሁንልኝ። ለቀብሩ መጥተህ ቤቱ በሰው ስለተሞላ አንድ ቁም ነገር ሳንነጋገር ሄድክ። ዓይንህ ደረቅ ነው ብለው ያሙህም ነበሩ፤ እኔ ግን ከጓሮ ሆነህ ዛፉን ይዘህ ስትቆም አይቼሃለሁ።

«መጨረሻ ላይ ምን አለች?» ላልከኝ ይኸው። ሰኔ ዝናቡን ሲጀምር ዛፉ አበደ። አንድ ጠዋት አንዲት ቀንበጥ ከመስኮቱ ደፍ በላይ ብቅ ብላ ጠበቀችን። ቀጭን ናት፣ ገና ወደ ታች መውረድ አልጀመረችም። እማዬ ረጅም ጊዜ አየቻትና «አልቃሻ አትመስልም» አለች። ደስ ብሏት ነበር። ያረፈችው በማግሥቱ ነው።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅኸኝን ልንገርህ። ጥር ላይ እንጨቱን ከገለበጥኩት በኋላ ማሰሪያ የሚሆን ለስላሳ ነገር ስፈልግ፣ እማዬ የጀመረችውን ነጭ ሻል ከትራሷ ሥር አውጥታ «በዚህ እሰሪው» አለችኝ። የልጁ አይደል ወይ ብላት «ለእሱ ሌላ እሠራለሁ» አለች። ሌላ አልሠራችም። ክር እንኳ አላስገዛችኝም። እኔ እጇ ደክሞ ነው ብዬ አለፍኩት።

አንተ ሚያዝያ ላይ ከሄድክ በኋላ መሐላዬን ማፍረሴን ልናዘዝ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «አንቺ ጨርቅ ቶሎ ነው የምትቀጂው፣ መሐላ ላይ ግን እጅሽ ይከብዳል» አለችኝ። ከዚያ ነገረችኝ። ታኅሣሥ ላይ ስልክ ደውለህ «እማዬ» ብለህ ዝም ያልክ ጊዜ ገብቷታል። «የወለድኩት ልጅ ዝምታው አይጠፋኝም። በሐዘኑ ላይ የእኔን እንዳልጨምርበት ዝም አልኩት» አለች። አልጋው አጠገብ ስትዋሻት እያወቀች ነው የሰማችህ። እጅህን የያዘችው እንድትጨርሰው ብላ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ የመጨረሻው ነገር ውሸት ነው ብለህ አትብሰልሰል። ያታለልከው ሰው አልነበረም።

እህትህ

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 11

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሁለታችሁም እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔን ብቻ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እያስቸገረው ነው። «ውኃው ለምን ጠፋ?» ላልከኝ፣ ያኔ ያልከው ደርሷል። ወጥ ቤቱ ጠብታ የለውም። ቧንቧ ሠራተኛው ቆፍሮ ሲያየው ቧንቧው ውስጡ ሥር ብቻ ነው፤ ስቦ ሲያወጣው ሹሩባ ይመስላል። አልሳቀም። ቤቱ መሠረት ጋ ሳይደርስ ዛፉ ይቆረጥ ብሏል፤ መጋዝ ሊያመጣ ነው። በሙያው ልክ ነው፤ አንተም ያኔ ያልከው ይህንኑ ነው። እኔ አሁን በእማዬ አልጋ ላይ ነው የምተኛው፤ ጠዋት ዓይኔን ስከፍት ዛፉ መስኮቱን ሞልቶ ይወርዳል። ሠራተኛውን ምን ልበለው?

በየዓመቱ እያላላሁ ያቆየሁትን ነጩን ማሰሪያ ዘንድሮ ፈታሁት። ራሱን ችሎ ቆሟል፤ አያስፈልገውም። ልጥለው አልቻልኩም፤ የእናንተ ነውና ፖስታው ውስጥ አድርጌዋለሁ።

እህትህ

ኅዳር 24

ይድረስ ለእትዬ፣

ማሰሪያው ደርሶናል። የዛፉ ቅርፊት ቀለም ገብቶበታል። ሚስቴ አጠበችው፣ ተኮሰችው፣ ለልጁ ብለን አዘጋጅተን ልብስ ሳናስገባ ባስቀመጥነው መሳቢያ ውስጥ አኖረችው። ከዚያ መሳቢያውን ይዘን ሁለታችንም ቆመን አለቀስን። እማዬ የሚያለቅስልኝ አጣለሁ ብላ የቀለደችው ትዝ አለኝ። ዘገየሁ እንጂ አላጣችም።

እኔ ለሰው ሁሉ አኻያን ከቧንቧ አርቃችሁ ትከሉ እላለሁ። ነገም ለሚመጣው ሰው ይህንኑ እነግረዋለሁ። ለቧንቧ ሠራተኛው ግን መጋዙን እንዲመልስ ንገሪው። በሚመጣው ሳምንት አካፋ ይዤ እመጣለሁ። ሚስቴም አብራኝ ትመጣለች፤ ከሥሩ መቀመጥ እፈልጋለሁ ብላለች። ከመንገዱ በኩል፣ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ዙሪያ አዲስ መስመር እንቆፍራለን። እስከዚያ ከጎረቤት ውኃ ቅጂ።

ዛፉን ማንም እንዳይነካው። ቧንቧው ይዙር።

ወንድምሽ